ለቦራ የሚነገረው

ላሚቱ ቦራ ወተቷን የከለከለችው እታገኝ በተዳረች ማግስት ነው። ሠርገኛው ተበትኖ፣ ዳሱ ፈርሶ፣ ደጁ ላይ የተረገጠ ሣርና የእንሰት ቅጠል ብቻ ሲቀር፣ የሙሽራዋ አባት ገሪማ ግሬራዋን ይዞ ወደ ጋጡ ገባ። ግሬራዋ እታገኝ በየማታው ወተት የምታልብባት የእንጨት ማለቢያ ናት። ላሚቱ ዞር ብላ አየችው፤ አሸተተችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ጡቷ አግቷል። ገሪማ ቁጢጥ ብሎ ቢስብ ቢስብ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

እንግዲህ ወንድ ልጅ ላም ሥር ቁጢጥ ማለቱን አትዩበት። በዚያ አገር ከብት መጠበቅና መሸጥ የወንድ፣ ማለብ የሴት ሥራ ነው። ምን ያድርግ ታዲያ፣ በቤቱ ሴት የምትባል አልቀረችም። ሚስቱ ሸዋነሽ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ አሁን ደግሞ ያለችው አንዲት ልጅ ለአሪቻ ሰው ተድራ ሄደች። ከኢዲዶ መንደር በላይ ባለው ዳገት ላይ የቀረው እሱ፣ አንዲት ጥገት፣ አንዲት ጊደር፣ ሦስት በግና ጓሮ ሙሉ እንሰት ነው። መሬቱም የባላባት ነው፤ የእኔ የሚለው ከብቶቹን ብቻ ነበር።

ወተት ጠምቶት አይደለም። በእነሱ ዘንድ ሙሽራ በሦስተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ያን ዕለት ራሷን የምትቀባው ቅቤ ከአባቷ ቤት ላም የወጣ መሆን አለበት። ከገበያ ገዝቶ የቀባ አባት ልጁን እንደ ረሳ ነው የሚቆጠረው። የባሏ ዘመዶች ቅቤውን ሳያሸቱ አይለፉም፤ የገበያ መሆኑን ካወቁ «ኋላዋ ባዶ ነው» ይላሉ። ኋላዋ ባዶ የተባለች ሴት ደግሞ በባሏ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ አቀርቅራ ነው የምትኖር። እናት እንደሆነ የላትም። አባቷም ቅቤ ካላቀረበላት ምን ቀራት?

የቦራ ነገር ድሮም አስቸጋሪ ነበር። ጥጃዋ በሐምሌው ዝናብ ሞቶባታል፤ ጥጃ የሞተባት ላም ደግሞ ብዙ ሳትቆይ ትነጥፋለች። እታገኝ ናት ያቆየቻት። ማታ ማታ ከጎኗ ቁጭ ብላ ስታወራላት ስታወራላት፣ ላሚቱ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ወተቷን ትለቅላት ነበር። ገሪማ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ውጭ፣ ከጋጡ ግድግዳ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጠው። የልጁ ድምፅ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይደርሰዋል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ምን ትያታለሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ መስማቱ ብቻ ይበቃው ነበር።

ጎረቤቱ ቆንጅት አዘነችለትና ሁለት ሦስት ቀን እየመጣች ሞከረች። እሷም ከግማሽ ጣሳ በላይ አላገኘችም፤ በአራተኛው ቀን ቦራ በእግሯ ብላት ግሬራዋን ገለበጠችባት። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገለባ ሞልቶ ላሚቱ ፊት እንዲያቆም ቆንጅት መከረችው፤ ቆዳው ግን ገና በነሐሴ ለመኝታ ሆኗል። ገሪማ እሱኑ አንጥፎ ቢያሳያት ላሚቱ የሰው ላብ ብቻ ሸቷት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጨው አላሳት፤ ጨዉን ልሳ ዝም። እንሰት ቆርጦ አበላት፤ እሱንም በላች፣ ወተቷን ግን እምቢኝ አለች።

ጥቅምት ሲገባ ነገሩ ባሰ። ታች ቡናው ቀልቷል፤ ዳገቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቤቱን እየዘጋ ለለቀማ ይወርዳል። ከጎጆዎቹ ጭስ አይወጣም፤ ውሻ እንኳ የሚጮህለት ሰው አጥቶ ዝም ብሏል። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ማታ ገሪማ ቆጮውን ለብቻው ቆርሶ ለብቻው ይበላል። ዝምታ የለመደ ሰው ነበር። ይኼኛው ግን ሌላ ዓይነት ነበር፤ ፈራው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሣጥኑ ሥር የእታገኝን አሮጌ የሥራ ቀሚስ አገኘ። በሩን መለስ አደረገና ከካፖርቱ በላይ አጠለቀው፤ እጅጌው ትከሻው ላይ ተረተረ። ሻሿንም አሰረ። ምን ልበላችሁ፣ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው፣ ከነጢሙ! ቦራ ቀሚሱን አሸተተችው፣ እ...ም ብላ በረጅሙ አገሳች፤ ግሬራዋም ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠብ አለ። ገሪማ ልቡ ሊቆም ነበር። ያን ጊዜ ያ የዘወትር ሳሉ መጣበት። ሳለ፤ ላሚቱም ማን እንደሆነ አወቀች።

ደግሞ ክፋቱ፣ በነጋታው ለለቀማ የምትወርደው ቆንጅት ልትሰናበተው ያኔውኑ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። አየችውና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱም አልተነሣም፣ እሷም አልሳቀችም፤ ሳቋን ታች ወርዳ ነው የሳቀችው ይባላል። እዚያው ቆማ ግን ላሚቱ ሌላ ሳምንት እንዲህ ከዋለች ፈጽማ እንደምትነጥፍ ነገረችው። ሽታውን አገኘች፣ የጎደለው ወሬው ነው፣ እታገኝ የምትላትን በላት አለችውና ወጣች።

እታገኝ የምትላትን! ገሪማ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። አንድ ቃል ለማስታወስ ጣረ፤ ድምፁ እንደ ወራጅ ውኃ ይመጣለታል፣ ቃል ግን የለውም። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከአንድ ክንድ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጦ፣ ልጁ ምን እንደምትል አያውቅም።

ሄዶ እንዳይጠይቃት፣ ሙሽራ መጥታ ሳትጠራው አባት አማቹ ደጅ አይደርስም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሸምሰዲንን መንገድ ላይ ጠበቀው። ሸምሰዲን ይርጋጨፌ ሱቅ ያለው፣ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭኖ በየመንደሩ የሚዞር የሸዋ ሰው ነው፤ አሪቻንም ያደርሳል። ገሪማ ጉዳዩን እስኪያወጣው ድረስ በቅሎዋ ሦስት ጊዜ ሣር ነጨች። የባሏ ዘመዶች እንዳይሰሙ፣ ለብቻዋ፣ ላሚቱን ምን እንደምትላት ጠይቅልኝ አለው። ሸምሰዲን ለላም መልእክት ሲላክ የመጀመሪያው መሆኑን እየተናገረ ቀለደበት፤ ፊቱን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ።

ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። ከበቅሎው አልወረደም፤ ወሬው የከበደው ይመስላል።

«ጋሽ ገሪማ፣ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች» አለው። «እንዲህ በልልኝ ብላለች፦ ላም የሚያስለቅቅ የተለየ ቃል የለኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። አባዬ ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ስለዚህ ውሎዬን ለቦራ ነበር የምነግራት። ወንዝ ማንን እንዳገኘሁ፣ ምን እንዳስከፋኝ። ሊያገቡኝ መጠየቃቸውንም ከአባዬ በፊት ለእሷ ነው የነገርኳት። እሱም ውሎውን ይንገራት፤ እንዳይዋሻት ብቻ፣ ታውቃለች።»

ሸምሰዲን ጨው ሰጥቶት ሄደ።

ማታ ግሬራዋን ይዞ ከቦራ ሥር ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ዛሬ ሣር አጨድኩ አላት። አጥር ጠገንኩ አላት። ላሚቱ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም፤ እውነቷን ነው፣ ይኼም ወሬ ሆኖ! ግንባሩን ጎኗ ላይ አስደገፈ። ሞቃት ነበረች። ከዚያ እሱም ሳያስበው ሌላው ነገር ከአፉ ወጣ።

«ሸዋነሽ ከሞተች ወዲህ ያልተናገርኩት ልጄን ጠልቼ አይደለም» አላት። «አፌን ከከፈትኩ የማለቅስ ስለመሰለኝ ነው። ልጅ ፊት ማልቀስ አፍሬ ነው። ማታ ማታ እኮ ውጭ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ድምፅዋን ነበር የምሰማው። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነበር። አልነገርኳትም።»

አለቀሰም። ያውም እየሳበ ነው ያለቀሰው። የወተቱን ድምፅ የሰማው ቆይቶ ነው፤ ግሬራዋ ታች ጩር ጩር ይላል። ብዙ አልነበረም፣ አንድ ጣሳ ያህል። ወተቱ ካለቀ በኋላም ማውራቱን አላቆመም፤ ሸዋነሽን እንዴት እንዳገኛት፣ የታመመች ዕለት ምን እንዳለችው፣ ሁሉንም ነገራት። ቦራ እያመነዠከች ሰማችው።

ከዚያ ወዲህ በየማታው አወራት። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር አለቀ፤ ወተቱ ጣሳ ተኩል ደረሰ፤ እሱም በገዛ እጁ ቅሉን እየናጠ ቅቤ አጠራቀመ። ናጪ ወንድ ታይቶ አይታወቅም፤ ደግነቱ የሚያይ አልነበረም።

በታኅሣሥ እታገኝ ከባሏ ዘመዶች ጋር መጣች። ቆንጅት ራሷን ቀባቻት። የባሏ እናት ጠጋ ብላ አሸተተች፣ በጣቷ ነክታ ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ኋላዋ ባዶ አይደለም ማለት ነው። ገሪማ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥጋብ የሚመስል ነገር ተሰማው። ልጁ ከስታለች፤ እሱ ግን የመንገድ ድካም ነው ብሎ አለፈው።

ሲመሽ እታገኝ ማንም ሳያዛት ግሬራዋን አንሥታ ወደ ጋጡ ገባች። ገሪማም እንደ ልማዱ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ያ ድምፅ መጣ። ድሮ ቢሆን እዚያው ተቀምጦ ሆዱ ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን ተነሣና ጆሮውን ከግድግዳው ስንጥቅ ላይ አደረገ።

«ቦራዬ፣ እዚያ ሰው ሞልቷል» ትላለች። «ክፉም አይደሉ። ግን ሁሉም የሚያየው ቡናውን ነው። ባሌም መሽቶበት ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከብት የሚባል ነገር የላቸውም። ማታ ማታ እቃ አጥባለሁ ብዬ እወጣና ቁጭ እላለሁ። የምነግረው ሰው የለኝም።»

ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ገሪማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከውስጥ ልቅሶዋን ሰማ፤ ልቅሶው አልቆ በሩ ላይ እስክትታይ ድረስ እዚያው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሙሽራ ስትመለስ አባት ከብት ይመርቅላታል። ሁሉም ጊደሯን ነው የጠበቀ፤ ገሪማም ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ጊደሯን ነበር ያሰበ። ጋጡ ገባ፣ ቆየ፣ ቦራን እየሳበ ወጣ። የባሏ ዘመዶች የምትታለብ ላም ሲያዩ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ቆንጅት አብዷል እንዴ ብላ አየችው።

እታገኝ ገመዱን አልተቀበለችም። «አባዬ፣ አንተስ? ለማን ልታወራ ነው?»

«እኔ አፌ ተፈትቷል» አላት። «አንቺ ውሰጃት። ደግሞ ያን ባልሽን ስታልቢ ከጎንሽ አስቀምጪው። ውጭ ድንጋይ ላይ እንዳይቀመጥ።»

እጁን ይዛ አለቀሰች፤ እሱም ሰው ፊት አለቀሰ። ዘመዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ሄዱ፤ ቦራም አንዴ ብቻ ዞር ብላ አየችው።

ያን ማታ ልማድ ሆኖበት ግሬራዋን ይዞ ወደ ጋጡ ገባ። ጊደሯ በአንድ ጥግ ተኝታለች፤ የቦራ ቦታ ባዶ ነው፣ እበቱ እንኳ ገና አልደረቀም። ግሬራዋን ምሰሶው ላይ ሰቀላት። ውጭ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ከግድግዳው ወዲያ ምንም የሚሰማ የለም። ሆድ ባሰው። እስኪበርደው ተቀምጦ ገብቶ ተኛ።

ቅዳሜ ሸምሰዲን በቅሎውን ጭኖ ሲያልፍ ገሪማ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ነጋዴው ጨው ስንት ላድርግልህ አለው። ገሪማ ጨው አልፈልግም አለ። ደግሞ ለማን መልእክት ልውሰድ ሲለው፣ መልእክትም የለኝም አለ።

«ሸምሰዲን፣ ጊዜ ካለህ ቁጭ በል» አለው። «ውሎዬን ልነግርህ ነው።»

ሸምሰዲን ፀሐይዋን አየ፤ ገበያው ሊያመልጠው ነው። ሰውዬውንም አየው። ከዚያ በቅሎውን ከአጥሩ አሰረና ከጋጡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገሪማም ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ውሎውን ከጠዋቱ ጀመረለት።