የባለ ጓንቷ ሠረገላ ክዳን

ጉራ አይሁንብኝና፣ በዚህ ዓለም ላይ ለሠረገላ የቆዳ ክዳን በእጃቸው የሚሰፉ ሦስት ሰዎች ቢኖሩ ሁለቱ እኔ ነኝ። ሦስተኛው ከእኔ አይቶ የሄደ ነው። እኔ በወጠርኩት ቆዳ ላይ ዝናብ የሚወርደው አፍሮ ነው። አንድ ጊዜ በሠራሁት ክዳን ላይ በረዶ ዘንቦ፣ በረዶው ተመልሶ ወደ ላይ ሲነጥር ደመናው ተበትኗል። ያየ ሰው ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም እንጂ።

ባለቤቴ ይህን ስናገር በሰማች ቁጥር መርፌዋን ከአፏ ታወጣና «ደመናውም ይቅርታ ጠይቋል በል እንጂ» ትላለች። እሷ ገበር ትሰፋለች፣ እኔ ቆዳ እወጥራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ሠርተናል፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ካላመናችሁኝ እሷን ጠይቁ። እሷ በሕይወቷ አንዲት ቃል ጨምራ አታውቅም። ሴትዮዋ ደረቅ ናት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ባለ አራት ጎማ ሠረገላ በራችን ላይ ቆመ። ሁለት ዳማ ፈረሶች፣ ከፊት አንገተ ረጅም ነጂ። ከውስጥ የወረደችው ስድሳን ያለፈች፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች። በሁለቱም እጇ እስከ ክርኗ የሚደርስ ጥቁር ጓንት አጥልቃለች። ስሟን አልነገረችንም፤ እኛም እስከ ዛሬ «ባለ ጓንቷ» ነው የምንላት።

«ቆዳው ተሰነጣጥቋል» አለች። «ለቅዳሜ ጠዋት እፈልገዋለሁ።»

«እመቤቴ፣ ሌላ ሰው ጋ ቢሄዱ ወር ይፈጃል። እኔ ግን ከጨከንኩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ...»

«ቅዳሜ» አለችኝ፣ በር እንደሚዘጋ ሰው።

ከዚያ በጣቷ ወደ ሠረገላው ውስጥ ጠራችኝ። የዚህ ዓይነት ክዳን ከኋላ በኩል፣ ተሳፋሪው ራሱን የሚያስደግፍበት ወፍራም ትራስ አለው፤ ከገበሩ ሥር የፈረስ ጭራ ታጭቆ፣ እንዳይንሸራተት በየስንዝሩ በቁልፍ ይያዛል። በዚህኛው ትራስ ላይ በቀኝ ጥግ አንድ ስርጉድ አለ። ክብ፣ ጥልቅ፣ ልክ የሰው ራስ የሚያህል። በግራ ጥግ ደግሞ ሌላ፣ አነስ ያለ። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ማንም ያልነካው ይመስል እንደተነፋ ነው።

«ይኼ የባለቤቴ ነው» አለች፣ የቀኙን እያሳየች፣ ግን ሳትነካው። «ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ተደግፏል። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ጀልባው ተገለበጠ። ሰዎች ፈለጉት፣ አላገኙትም። መቃብር የለውም። ያለኝ ይኼ ብቻ ነው።»

ወደ ትራሱ የሰደድኩትን እጄን መልሼ ሳብኩ።

«ቤቱን ለቅቄ እህቴ ጋ ልኖር ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዕቃውን በሙሉ ትቼዋለሁ። እሱን ግን ይዤው ነው የምሄደው። ቆዳውን ቀይር፣ ከፈለግህ እንጨቱንም ቀይር። ትራሱን እንዳትነካ። ተግባባን?»

«በእኔ ይጣሉት፣ እመቤቴ» አልኳት።

ነጂው ፈረሶቹን ፈትቶ ወሰደ፣ ሠረገላው እኛ ጋ ቀረ።

በማግስቱ አሮጌውን ቆዳ ገፈፍኩት። አምስቱ ቅስት እንጨቶች እንደ ዓሣ አጥንት ብቻቸውን ቀሩ። አዲሱ ቆዳ ውሃ ውስጥ አድሮ ለስልሶ ነበር። እርጥብ ቆዳ ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው የሚወጠረው፤ አንዱን ጎን ስትስበው ሌላው ይኮርፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ በራሱ ተሰብስቦ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። እኔ ይህን የምሠራው ስልሳ ሚስማር አፌ ውስጥ ይዤ፣ ያውም እያወራሁ ነው። ወጥሬ ልጨርስ ስል ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ከትራሱ ገበር ስፌት ላይ ነጭ ትል እየተሳበ ወጣ። ጣቴን ሰደድኩ። ሌላ ትል። ብል ትራሱን ከውስጥ ጨርሶት ነበር።

አሁን ፍረዱኝ። እኔን የሚያህል ሰው በብል በተበላ ትራስ ላይ አዲስ ቆዳ ወጥሮ ይሰጣል? በዓመቱ ብሉ ወደ ቆዳው ሲያልፍ ማን ሠራው ይባላል? መቀሱን አነሳሁና ገበሩን ከዳር እስከ ዳር ሸረከትኩት።

ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ መጣች። «አንተ ሰውዬ! ሴትዮዋ አትንካ አላለችህም?»

«ስርጉዱን መልሼ እሠራዋለሁ። ለእኔ ምን አላት? እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች።

በእኛ ሙያ አሮጌ ጭራ አይጣልም። ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጣት ይፍታታል፤ ከዚያ ከአዲሱ ይልቅ ይነጥራል። የቀኙንም የግራውንም አንድ ላይ ትልቁ በርሜል ውስጥ ጨምሬ ቀቀልኩት። የሠላሳ ዓመት ልማዴ ነው፤ የማን ራስ የተደገፈበት ጭራ እንደሆነ ለይቶ የቀቀለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ፀሐዩ የዋዛ አልነበረም፤ ያን ቀን እንኳን ጭራ፣ ጥላም ይደርቅ ነበር። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሁለታችን ተቀምጠን አፍታታነው፤ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጥቁር ደመና ተቆለለ። በሩን ቆልፈን ምሳ ልንበላ ወደ ጓዳ ገባን።

ስንመለስ ክምሩ መሐሉ ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ድመት ተኝታበት ነው» አልኩ።

«ድመት የለንም።»

«የጎረቤት ናታ።»

«በሩን ራስህ ነህ የቆለፍከው።» እጇን ስርጉዱ ውስጥ ከተተችና ወዲያው መልሳ ሳበችው። «ሞቋል» አለች።

«ፀሐይ ላይ የዋለ ነገር ምን ይሁን ብለሽ ነበር? ይቀዝቅዝልሽ?» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ክምሩን በትኜ እንደገና አፍታታሁት።

ረቡዕ ማታ ባለቤቴ አዲሱን ገበር ሰፍታ ጨረሰች፣ እኔ ጭራውን አጨቅሁ፣ ቁልፎቹን አሰርኩ። የቀረው የሟቹ ስርጉድ ነበር። መጀመሪያ የብረት ድስት በቀኙ ጥግ በገመድ አጥብቄ አሰርኩበት። ሐሙስ ጠዋት ስፈታው ትራሱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተነሳ። ከዚያ የራሴን ራስ ሰጠሁት። ከጠዋት እስከ ምሳ ተደግፌ ዋልኩ፤ ባለቤቴ ውሃ በሠረገላው በር እያቀበለችኝ «እስቲ ትንሽ ክበድበት፣ ያን ሁሉ ወሬ ተሸክመህ እንዴት ቀለልክ?» እያለች ትቀልዳለች። ስነሳ ጥጉ ምልክት እንኳ አልያዘም።

መሐሉ ግን ገብቶ ነበር። ማንም ተደግፎበት የማያውቀው መሐሉ።

ሰፊ ስርጉድ ነበር፤ የአንድ ሰው ራስ የሚያህል አይደለም፣ ይበልጣል። አራት ቁልፎች ወደ ውስጥ ሰጥመዋል። ስፌቱን ፈትቼ ሁለት ጭብጥ ጭራ ጨመርኩበት፣ ሰፋሁት፣ በመዳፌ ደልድዬ አስተካከልኩት። መዶሻዬን ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ እንደነበረው ነው። ሦስት ጊዜ ሞላሁት፣ ሦስት ጊዜ ገባ። ሦስተኛው ላይ አልዞርኩም፤ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ቁልፎቹ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ደክሞት የሚደገፍ ሰው እንዳለ ሆነው ሰመጡ። ከውጭ ፀሐይ ነበር፤ መንገድ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ ይሰማኛል። እኔ ግን ጠጉሬ ቆመ።

ባለቤቴን ጠራኋት። ገበሩን ነካችና ጣቷን አሳየችኝ። እርጥብ ነው።

«ጭራው ሳይደርቅ ሰፍተነው ይሆናል» አልኩ።

«ያ ሁሉ ፀሐይ የመታው?» ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «ስትመጣ እውነቱን ንገራት። ይኼን ጊዜ እንኳን ጉራህን ተወው።»

«እኔ? ልንገራት?»

«አንተ። ሌላ የበተነው ሰው አለ?»

አርብን በሙሉ ወደ ሠረገላው አልቀረብኩም። በሩቅ ሆኜ ሚስማር አቃናሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ጓንቷ መጣች። ነጂው ፈረሶቹን ጠመደ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀረብኩ።

«እመቤቴ፣ ቆዳውን ይዩት! እዚህ ላይ ዝንብ ብታርፍ ተንሸራትታ ወገቧን ትሰበራለች። ትራሱንም እንዳሉት...»

አልሰማችኝም። ሠረገላው ላይ ወጥታ ገባች፣ በግራ ጥግ ቦታዋ ተቀመጠች፣ ከዚያ የቀኝ እጇን ጓንት ስባ አወለቀች። እጇ ከፊቷ ይልቅ ያረጀ ነበር። ሳታይ፣ በለመደ እጅ፣ ወደ ቀኙ ጥግ ዘረጋችው። መዳፏ ጠፍጣፋውን ትራስ ሲያገኝ እዚያው ቆመ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የት አደረስከው?» አለች።

ደመና የበተንኩት ሰውዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ብል በልቶት ነበር» አልኩ። «ፈታሁት። ቀቀልኩት። መልሼ እሠራዋለሁ ብዬ ነው። አልቻልኩም፣ እመቤቴ። ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ አልቻልኩም።»

«ጣልከው?»

«ኧረ አልጣልኩም! እዚሁ ትራሱ ውስጥ ነው። ግን ደባለቅሁት።»

«ከምን ጋር?»

«ከእርስዎ ጋር» አልኩ። «ከግራው ጥግ ጋር። አሁን አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም።»

እጇ ከቀኙ ጥግ ተነስቶ ትራሱን እየዳበሰ ወደ መሐሉ መጣ። ስርጉዱን አገኘው። ጠርዙን ዞረው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ጣቶቿ ርሰው ሲመለሱ አየኋቸው፤ እሷም አየቻቸው፣ አልጠረገቻቸውም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው እንጃ፣ «እሱ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ። ማን መጀመሪያ እንደኮረፈ እንኳ ረስተነው ነበር። የመጨረሻው ቀን ወንዙ ዳር ሲወርድ ‹ደህና ዋይ› አለኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።»

ባለቤቴ አፏን በሻርፗ ያዘች። እኔ ምን እንደምይዝ ጠፋኝ፤ የሠረገላውን በር ያዝኩ።

ባለ ጓንቷ ከጥጓ ተነስታ መሐሉ ላይ ተቀመጠች። ራሷን ወደ ኋላ አሳረፈች። ስርጉዱ ሰፋት፤ ራሷ የሞላው ግራ ግማሹን ብቻ ነው፤ በቀኟ በኩል ሁለቱ ቁልፎች ባዶ ቦታ ላይ ቀሩ። ዓይኖቿን ጨፈነች። ሠረገላው ሥር ያለው የብረት ሞላ ሲጢጥ ብሎ ዝቅ አለ። እንደገና ሲጢጥ አለና ዳግመኛ ዝቅ አለ። ባዶዎቹ ቁልፎች ቀስ እያሉ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ከጆሮዋ አጠገብ።

ዓይኗን አልገለጠችም። «ክዳኑን ዝጋው» አለችኝ፤ ድምፅዋ የሰኞዋ ሴት ድምፅ አልነበረም።

ክዳኑን ስቤ ወደ ፊት አወረድኩ፤ አምስቱ እንጨቶች አንድ ላይ ተዘረጉ፣ ቆዳው ተወጠረ። መቀርቀሪያውን ዘጋሁ። ከውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ስትል ሰማኋት። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ አንድ ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ያህል። ከዚያ ሳቀች። አጭር፣ የልጃገረድ ሳቅ።

ነጂው ልጓሙን እንደያዘ አንገቱን አጎነበሰልኝ። ፊቱ ላይ ደም የሚባል ነገር የለም።

«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ሞላው ሁለት ጊዜ ነው የወረደው። እውነቱን ንገረኝ፤ ስንት ሰው ነው የጫንኩት?»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ አንዱን አሥር፣ አሥሩን ሺህ ሳደርግ የኖርኩ ሰው፣ የሁለት ቀን መንገድ ከዚያ ክዳን ፊት ተቀምጦ የሚሄደውን ምስኪን ተመለከትኩ፤ በልጓሙ ላይ የቆሙትን ጣቶቹን አየሁ። እውነቱን ብነግረው ልጓሙን ጥሎ ይወርዳል፤ እሷም ደጃችን ላይ ትቀራለች።

«አንድ» አልኩት። «አንዲት ሴትዮ ብቻ። ንዳ።»