መብራት የማይጠፋበት ቤት

ኑ፣ ቀረብ በሉ። አንቺም በሩን ተደግፈሽ አትቁሚ፤ ግቢና ከእህትሽ አጠገብ ተቀመጪ። ቆመው የሰሙት ነገር እግር ላይ ይቀራል፣ ልብ አይደርስም።

ልብስ ሰፊዋ በእህቷ ለቅሶ ቤት የመጀመሪያውን ጠዋት የጀመረችው ውሃ በመያዝ ነበር። ቀብሩ ትናንት ነው የተፈጸመው። ቤቱን የሞላው እንግዳ በየፍራሹ ደክሞት ተኝቷል። እሷ ብቻ ነቅታ ኩሽና ገባች፤ የቧንቧውን ራስ ስታዞረው ውሃው እየተንፎለፎለ ወረደ። እንግዲህ እጇ የለመደውን አደረገ። ባልዲውን ሞላች፣ ሳፋውን ሞላች፣ ድስቶቹን ከትልቁ እስከ ትንሹ ሞላች፣ ማንቆርቆሪያውን ሞላች፤ ዕቃ ሲያልቅባት የአበባ ማስቀመጫውን ሳይቀር ሞላችው።

የሟች ልጅ ለለቅሶ ደራሽ ሻይ ላፍላ ብላ ስትገባ ባዶ ዕቃ አጣች።

«አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ምንድን ነው?»

«ሳይሄድ ልያዘው ብዬ ነዋ።»

«የት ይሄዳል?»

ልጅቷ ልታሾፍ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባትም ይኸው ነው። እህቴ ውሃ እንደሚሄድ የማያውቅ ልጅ አሳድጋ ሞተች፣ አለች በሆዷ። ከዚያም ሌላ ሰው ሳይነቃ የአበባ ማስቀመጫውን ደፋችው።

ሟችን እኛ እስከ መጨረሻው ትንሿ ነበር የምንላት፤ ጠጉሯ ሸብቶም ትንሿ፣ ልጅ ድራም ትንሿ። ሁለቱን እህትማማቾች የለያቸው አንድ ወንዝ ነው። ወንዙ ሁለት አገር ይለያል፤ በላዩ ድልድይ አለ፣ በድልድዩ በዚህም በዚያም ኬላ አለ። ቋንቋው አንድ ነው። ሰዉም በጋብቻ ተሳስሯል፤ አማትና ምራት ወንዝ ለይቷቸው እንኳ በመንገደኛ እየላኩ ይጣላሉ። ልዩነቱ ኑሮው ላይ ነው። በእነሱ ማዶ አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል፣ ክሊኒኩ በእግር ይደረሳል፣ መብራቱ አይጠፋም። በእኛ ማዶ መብራት እንግዳ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ደህና ሁኑ እንኳ አይልም።

ልብስ ሰፊዋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ነበራት፤ ጨርቅ አልብሳ ጥግ አስቀምጣዋለች። የምትሰፋው በእግር በሚረገጠው አሮጌ ማሽን፣ የምትተኩሰው በከሰል ካውያ ነው። አንድ ቀን ካውያው ፍም ተፍቶ የሙሽራ ልብስ አቃጠለባት። ያን ዕለት ምሽቱን ከሱቋ ደጃፍ ቆማ ማዶ ማዶውን ስታይ አመሸች። ማዶው እንደ ሰርግ ቤት ያበራል። እህቷ እዚያ ብርሃን ውስጥ ናት።

እንግዲህ አሁን ለቅሶ ተቀምጣ ያን ቤት ከውስጥ ታየው ጀመር። አንዱ ዓይኗ ያለቅሳል፣ አንዱ ዓይኗ ይዞራል። ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ያጉረመርማል። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ በነጭ ሸክላ የተለበጠ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችውን ማብሪያ ሰው ሲገባ ይነካታል፣ ሲወጣ ይነካታል፤ ማንም ቀና ብሎ አምፖሉን አያይም፣ እንደሚበራ ያውቃላ። ልብስ ሰፊዋ ግን በነኩት ቁጥር ቀና ትላለች።

ለቅሶ ደራሾች እየተጠጉ ያጽናኗታል። ሕመሟ እንዳላንገላታት፣ ሐኪሞቹ ከአጠገቧ እንዳልተለዩ፣ አንሶላዋ በየቀኑ ይቀየር እንደነበር ነገሯት። እሷ ደግሞ እናታቸውን አስታወሰች፤ እናታቸው በረንዳ ላይ ተኝታ፣ ይመጣል የተባለ መኪና ስትጠብቅ ነው ያለፈችው። ሞቷ እንኳ ያስቀናል፣ የሚል ሐሳብ መጣባት። ደነገጠች። በጥቁር ሻሿ ፊቷን ሸፈነች፤ ሴቶቹም ኀዘን የበረታባት መስሏቸው አይዞሽ፣ አይዞሽ አሏት።

ነገሩን የባሰ መራራ ያደረገው ሌላ ነው። ያ ቤት የእሷ ሊሆን ነበር።

የትንሿ ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወጣት ሳለ ድልድዩን ተሻግሮ መጥቶ አባታቸውን የጠየቀው ታላቂቱን ነበር። ያኔ ዓለም የተገላቢጦሽ ነበረች። መብራት ያለው በእኛ ማዶ ነው፤ ቢጠፋም ይመጣል። በእነሱ ማዶ ግን ድፍን ጨለማ ነበር። ሰዎቻቸው ሳሙናና ስኳር ፍለጋ ወደኛ ይሻገራሉ፤ ቀና ብለው አምፖላችንን ያዩ ነበር፤ እኛም ሲያዩ እያየን እንኮራ ነበር። ታላቂቱ ያን ጊዜ መርፌ መያዝ ተምራ ስሟ እየወጣ ነው። እኔ ኩራዝ ለኩሼ ልሰፋ ነው፣ ብላ እንቢ አለች። ሻይ ልታቀርብ የገባችው ትንሿ ትሪውን እንደያዘች፣ እሷ ካልሄደች እኔ እሄዳለሁ አለች። አባትየው ሳቀ፣ ሾፌሩ ቀላ። በሰርጉ ዕለት ሰፈርተኛው ሁሉ ምስኪን፣ ጨለማ ውስጥ ሊከቷት ነው እያለ ነው የሸኛት። የሙሽራ ልብሷን የሰፋችው ታላቂቱ ናት፤ ስትሰፋም አዝናላት አልቅሳለች።

ዓመት ዓመትን ሲገፋ ማዶ በራ፣ እኛ ደበዘዝን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የተማሩት ይንገሯችሁ። እኔ የማውቀው ትንሿ በዓመት አንዴ ልትጠይቅ ስትመጣ፣ የምትመጣው ጥሩ ጫማ አድርጋ እንደነበር ነው።

በመጣች ቁጥር ደግሞ አንድ ጠባይ ነበራት። ከእህቷ ሱቅ ተቀምጣ ስታወራ መብራት ጥፍት ሲል እሷ ትስቃለች። ጠፋ፣ ጠፋ እያለች እጇን ታጨበጭባለች። ልብስ ሰፊዋ ክሩ እጇ ላይ እንዳለ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት፣ ይህን ሳቅ ዓመት ሙሉ ትታመምበታለች። ባለፈው ዓመት ግን አልቻለችም።

«አንቺ ብርሃን ጠግበሽ በእኛ ጨለማ ትስቂያለሽ» አለቻት።

ትንሿ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በማግስቱ ስትሄድ ታላቂቱ ሥራ በዛብኝ ብላ ድልድዩ ድረስ አልሸኘቻትም። ከዚያ በኋላ የመጣው መርዶ ነው። እናም ልብስ ሰፊዋ ያን ሁሉ ቀን በለቅሶ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው አንድ ነገር እያብሰለሰለች ነበር፤ ትስቅብኝ ነበር? ሟች አይጠየቅ። ያን ሳቅ ይዛ ልትቀር ነው።

ሰው ሳሳ ባለበት በቅዳሜው ከሰዓት የሟች ልጅ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ክፍሉ ባዶ እንደሚሆን፣ አባቷም ብቻውን እንደሚቀር ነገረቻት። «እዚህ ቅሪ፣ አክስቴ። እዚያ ምን አለሽ?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ነገር በእጇ ሲገባ፣ እንደ ሰው ልብስ ሰፋባት። አስባበታለሁ ብቻ አለች።

ከበሩ በኩል ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንዷ የቅርብ ጎረቤት ናት፣ ነርስ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ልጆቼን ምን ልበላቸው፣ ስትል ልብስ ሰፊዋ ሰማች። ቅዳሜ ምን አለ ብላ ጠየቀቻት።

ነርሷ አፈረች። «ሟች አይወቀስም፤ እህትዎ ግን ትንሽ እብደት ቢጤ ነበረባት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ መብራቱን ታጠፋዋለች።»

«ማን ናት የምታጠፋው?»

«ራሷ ነቻ። ከዚያ በጨለማው ስለ እናንተ ታወራላቸዋለች። የእህቴ ማሽን በጨለማ ሲሰሙት ዝናብ ይመስላል ትላቸዋለች። ድንገት ደግሞ ታበራና ‹መጣ!› ብላ ትጮሃለች። ልጆቹ እሷን ለመቅደም ይሞታሉ፤ አንድም ቀን ቀድመዋት አያውቁም።»

ለልብስ ሰፊዋ ‹መጣ›ን ማን ይንገራት? በእኛ ማዶ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ መጣ ብሎ ይጮሃል። ልጆች ሳሉ ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ አልጋ ተኝተው፣ ዓይናቸውን አምፖሉ ላይ ተክለው ይፎካከሩ ነበር። ሁልጊዜ የምትቀድመው ትንሿ ናት። ታላቂቱ በንዴት ትቆነጥጣት ነበር። ቅናቱ ከዚያ ነው የጀመረው፣ እውነቱን ከተናገርን።

ሾፌሩ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ቀስ ብሎ፣ መብራት መጀመሪያ ሰፈሩ የገባ ዕለት የሆነውን አወራ። ሰዉ አፉን ከፍቶ አምፖል ሲያይ እሷ ብቻ መጣ ብላ ጮኸች፤ ሳቁባት። ቆዩ፣ ሲጠፋ ታያላችሁ አለቻቸው። ስትጠብቅ ከረመች። አልጠፋም።

«ትቀናብሽ ነበር» አለ።

«በእኔ? በምኔ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ። ሲመሽ መስኮቱ ጋ ቆማ እናንተን ታያለች። ሲጨልም ‹አሁን ጠፋባቸው› ትላለች። ሲበራ ደግሞ ‹አሁን እየጮሁ ነው፣ እኔ የለሁም› ትላለች።»

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ቅናት ወዲያው የሚሞት ነገር አይደለም፤ ቦታ ነው የቀየረው። አሁን የቀናችው በነርሷ ልጆች ነው። ያ ጨለማ የእኔ ነበር፣ ያ ጩኸት የእኔና የእሷ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰው ልጅ ስታድለው ኖረች አለች በሆዷ። ደግሞ ድልድዩ ትዝ አላት፤ ትንሿ በጥሩ ጫማዋ ብቻዋን ስትሻገር። ያን ዕለት አፏን ከፍታ የዘጋችው፣ ናፍቆኝ ነው የምስቀው ልትል ኖሯል።

ሻይ ይዛ የመጣችውን የእህቷን ልጅ እጅ ያዘች። «መምጣቱን እመጣለሁ፣ የኔ ልጅ። መቅረቱን ግን አልችልም። የሰው ልብስ ጀምሬ ትቻለሁ» አለቻት። ልጅቷ ሻዩን አቀበለቻት።

ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል የነርሷ ልጆች መጥተው በሩ ላይ ተደረደሩ። ማንም አልጠራቸውም። ለቅሶ ቤት መሆኑን ያውቃሉ፤ ድምፅ አላሰሙም፣ አልሄዱምም። ልብስ ሰፊዋ አየቻቸው። ከፍራሹ ላይ ተነሳች፣ ጉልበቷን ይዛ። ወደ ግድግዳው ሄዳ ማብሪያዋን ነካቻት።

ቤቱ ጨለመ።

ለቅሶ ደራሹ ተንጫጫ፤ ጠፋ እንዴ፣ ጠፋ ተባባለ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ተሰምቶ አያውቅም። ኋላ ዝም አሉ። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል፤ ራቅ ብሎ ለሰማው የእግር ማሽን ይመስላል። በመስኮቱ በኩል ወንዙ ማዶ የእኛ ሰፈር ይታያል፤ የአንዳንዱ ሰው ሻማ ብቻ ብልጭ ይላል።

መልሳ አበራችው።

ልጆቹ አንድ ላይ ወደ እሷ ዞሩ፤ የእሷን አፍ ይጠብቃሉ። አፏን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ተቀድማ፣ አሁን የሚቀድማት ሰው የለም። መዳፏን አንስታ አፏ ላይ አደረገች። እንዲያ እንደያዘች፣ አምፖሉን ቀና ብላ እያየች ቆመች።

ልጆቼ፣ ልብስ ሰፊዋ ዛሬም እዚያችው ሱቋ ናት፤ ዛሬም ማዶውን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል፤ መልአክ ሆነች አልላችሁም። ግን አንድ ነገር ለምኛችሁ ልቋጭ። ነገ መብራት ሲመጣ ለመጮህ ስትሽቀዳደሙ፣ ይህን አስታውሱልኝ። አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆዩ። ትንሿ ትቅደም።