የቦኖው ቦታ

ድሬሰር ይልቃል ሕሙማን እንዲያክም ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ አሰበ ተፈሪ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከተራራው የተጠለፈው የምንጭ ውሃ በቧንቧ ከተማው ጫፍ ደረሰ፤ ለጊዜው የሚተከለው ቦኖ ግን አንድ ብቻ ሆነ። ቦታውን እንዲመርጡ አምስት ሰዎች ተሰየሙ። አራቱ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በሚል ሁለት ለሁለት ተከፈሉና ነገሩ አምስተኛው ይልቃል ላይ ወደቀ። እሱን የመረጡት በከተማው መሬትም ዘመድም ስለሌለው ነው። "ለማንም አያዳላም" ሲሉ ሰምቶ ደስ ብሎት ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገሩት ሰብሳቢው ግራዝማች ነጋሽ ናቸው።

"ልጄ፣ ላይ ሰፈር ይተከል። ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው፤ ያንተም ክሊኒክ እዚያው ነው። ለራሴ አይደለም፣ ለሕዝብ ብዬ ነው" አሉት።

ቤታቸው ከክሊኒኩ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ቢሆንም ያሉት እውነት ነበር።

በማግስቱ ሞሚና የምትባል የታች ሰፈር ሴት ተቅማጥ የያዘው ልጇን አዝላ መጣች። የፊተኛውን ባለፈው ክረምት ቀብራለች። ይልቃል መድኃኒት ሰጥቷት፣ ውሃውን አፍልታ እንድታጠጣው ነገራት።

"ከወንዝ ነው የምንቀዳው" አለችው። "ከብት እዚያ፣ ልብስ እዚያ። ሁልጊዜ ለማፍላት እንጨት የት አለ? አንተ ስብሰባ አለህ አሉኝ። ወላሂ፣ ታች አድርግልን።"

እዚያው ቆረጠ፦ ታች፣ ገበያው አጠገብ። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ወሬ ሰማ። ለቦኖው ከታሰበው ቦታ ፊት ለፊት ያለው ባዶ መሬት፣ ከአምስቱ አንዱ ሆነው ታች ይሁን ብለው የሚከራከሩት የሐጂ መስዑድ ነው፤ የሦስት ሱቅ መሠረት አስቆፍረዋል። ሄዶ ጠየቃቸው።

"አዎ፣ የኔ ነው" አሉ ሐጂ መስዑድ ሳያፍሩ። "ውሃ ባለበት ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ባለበት ሱቅ ይሠራል። እኔ ስለተጠቀምኩ ውሃው መራራ ይሆናል እንዴ?"

ይልቃል ተሰናብቷቸው ወጣ። ላይ ሰፈር ካለው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ወሰንየለሽ፣ የሰባት ወር እርጉዝ፣ እንስራዋን አውርዳ ወገቧን ይዛ ቆማለች። የሰማውን ሁሉ ነገራት።

"መቼስ ለሕዝቡ የሚበጀውን ማድረግ አለብኝ" አላት።

"እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?" አለችው።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ እጁን ለታች ሰፈር አነሳ። ሲያነሳ ያሰበው የሞሚናን ልጅ ነበር፤ ሲያወርድ ግን ዓይኑ ፈገግ ካሉት ከሐጂ መስዑድ ላይ አረፈ። ግራዝማች ነጋሽ አልተቆጡም። ሲወጡ እጁን ጨብጠው "ስንት ሰጡህ?" አሉት፤ ዝግ ብለው፣ እንደ ወዳጅ። ምሎ ተገዝቶ ቢክድም አላመኑትም።

ቦኖው ተተከለ። በሦስት ወር ውስጥ ከታች ሰፈር በተቅማጥ የሚመጡ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ሱቆቹም ተከፈቱ፤ ኪራያቸው የከተማው መነጋገሪያ ሆነ። ወሰንየለሽ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ አሁን ውሃ የሚያመላልሰው ይልቃል ራሱ ነው።

አንድ ቀን ከሚኤሶ ሲመጣ የተገለበጠ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጭኑ ተተልትሎ ክሊኒክ አመጡት። የክሊኒኩ የውሃ በርሜል ባዶ ነበር። ይልቃል ጀሪካን ይዞ ቁልቁል ሮጠ። ሰልፉ እስከ ገበያው ይደርሳል።

"አሳልፉኝ! ሰው እየደማ ነው!"

ግማሾቹ ተንቀሳቀሱ፤ ግማሾቹ "ሁልጊዜ ባለሥልጣን ይቀድማል" እያሉ አጉረመረሙ። ከሚያጉረመርሙት አንዷ ሞሚና ነበረች።

"ልጄን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት" አለች ሳታየው።

ይልቃል ጀሪካኑን እንደያዘ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። በመጨረሻ የቦኖው ዘበኛ ክንዱን ይዞ ከፊት አስገባው። ቀዳ፤ እያለከለከ ዳገቱን ወጣ፤ ቁስሉን አጥቦ ሰፋው። ሾፌሩ ተረፈ።

ወደ ማታ ሾፌሩ ነቃ ሲል ከንፈሩን እያላሰ ጠየቀ።

"እዚህ አገር ውሃ የለም እንዴ?"

"አለ። ታች ነው።"

"ክሊኒኩ እዚህ ሆኖ? ማነው እዚያ ያደረገው?"

ይልቃል "እኔ" ሊል አፉን ከፈተ። እንደ ጥፋት ይናገረው ወይስ እንደ ደግ ሥራ፣ አልታወቀውም። የተረፈውን ውሃ ቀድቶ አቀበለውና፣ ሾፌሩ እስኪጠጣ ድረስ በመስኮቱ ቁልቁል ወደ ቦኖው ሲመለከት ቆየ።