የአሮጊቷ ጩኸት

"አቁመው! እስቲ ወደ ኋላ መልሰው!" አለች ተማሪዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ኮምፒውተሩ ላይ የተሳለችው አሮጊት አፏን እንደከፈተች ቀጥ አለች። ሩቅ አገር የሚሄደውን ልጇን እየሸኘች ነው፤ የአኒሜሽኑ ፊልም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። "ሂድ ልጄ፣ ስለ እኔ አታስብ" ብላ ማልቀስ ሲገባት፣ አንገቷን ወደ ቤት ጠምዝዛ "አንቺ! ምድጃውን አጥፊው፣ አረረ እኮ!" ብላ ትጮኻለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ልጇ ዞራ ታለቅሳለች።

"ምን ጉድ ነው ይሄ? ጽሑፉ ላይ የለም እኮ!"

"ድምፁ ላይ ግን አለ" አለ ሰዓሊው በኢንተርኔት። "ደግሞ አንቺ ጽሑፉን በየቀኑ ትቀያይሪው የለ? የአሁኑስ ጥሩ ቀየረችው ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የሳልኩት።"

ሦስቱም የሚሠሩት ከየከተማቸው ነው፤ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ሰዓሊው ካሜራውን ከፍቶ ስለማያውቅ "ጨለማው" ይሉታል። ድምፅ የሚያቀናብረው ደግሞ "ጆሮ" ነው። እንግዲህ በአኒሜሽን መጀመሪያ ድምፁ ይቀዳል፤ አፍ የሚሳለው ያንን ተከትሎ ነው። የአሮጊቷን ድምፅ የሰጠችው የተማሪዋ እናት ናት፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ ተቀዳች። በመጀመሪያው ድስቱ አረረባትና በመሃል ጮኸች፤ ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። ተማሪዋ ለጨለማው የላከችለት የተበላሸውን ኖሯል። በማን ታላክክ? ጥፋቱ የራሷ ነው።

የመመረቂያ ሥራዋ የሆነው ይህ ፊልም ደግሞ ዛሬ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ሳይዘጋ ካልገባ ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል።

"ጆሮ፣ ጩኸቱን ቁረጥልኝ።"

"ጩኸቱን ልቁረጠው፣ አፏንስ ምን ላድርገው? ያለ ድምፅ ስትከፍተው ዓሣ ነው የምትመስለው።"

"ጨለማውዬ፣ እንደገና ብትስለውስ?"

"ሳምንት ስጪኝ።"

ሳምንት ከየት ታምጣ! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እሷ ግን ፀጉሯን ይዛ ቁጭ አለች።

እናቷ ለካ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ኖሯል። "ወይ ጉዴ! እንዲህ የምጮኸው እኔ ነኝ? አስተማሪዎችሽ ፊት አታዋርጂኝ ልጄ፣ አውጪልኝ!"

"አይወጣም እማዬ።"

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ጨለማው። "ሁለት ወር ሙሉ እርስዎን ሳዳምጥ ነው የኖርኩት። የእኔም እናት ሲሸኙኝ እንባቸውን እየጠረጉ 'በሩን ዝጉት፣ ድመቷ ገባች' ይሉ ነበር። አሮጊቷ ሰው የሆነችልኝ እዚያች ጩኸት ላይ ነው።"

እናት ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች።

"ሁሉም ደህና፣ ግን አሮጊቷ ብቻዋን የምትኖር ናት" አለ ጆሮ። "'አንቺ' የምትለው ማንን ነው? ተመልካቹ አበደች ነው የሚለው።"

"ብቻዋን?" አለች እናት ወደ ልጇ ዞራ። "ይሄ ወንድምሽን የሸኘሁበት ቀን አይደለም እንዴ? አንቺ የት ሄደሽ?"

ተማሪዋ ታሪኩን ስትጽፍ፣ ብቻዋን የቀረች እናት ይበልጥ ታስለቅሳለች ብላ ራሷን አውጥታ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ወንድሟ ከሄደ ወዲህ በዚያ ቤት የሚወራው ስለ እሱ ብቻ ነው፦ በላ ወይ፣ በረደው ወይ፣ ደወለ ወይ። የቀረችውን ማንም አንሥቷት ስለማያውቅ፣ እሷም ራሷን ረስታ ኖራለች። ለካ እናቷ አልረሳቻትም። ሳቅም ለቅሶም ባንድ ላይ መጣባት።

"ጨለማው፣ ምድጃ የሚያጠፋ አንድ እጅ ለመሳል ምን ያህል ይፈጅብሃል?"

"እጅ ብቻ ከሆነማ ለምሳ አደርስልሻለሁ። የአሮጊት ነው የወጣት?"

ተማሪዋ ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ታቅፋ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እናቷ "ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ ታጠቢ፣ የፊልሙን ፖስተር ስትቀቢ አድረሽ ቀለም በቀለም ሆነሻል!" እያለች ተከተለቻት። እሷ ግን አልታጠበችም። ካሜራውን ወደ ምድጃው አዞረችና እጇን ዘረጋች።

"የእኔን ሳለው" አለች።