ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የተባለ አሜን

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ!» አለች ታምሰን መኪና ውስጥ። «ወንድም ኦልሰንን እንደ ሕፃን አስለቅሼ የድሮውን ትምህርት ቤት ቁልፍ ከገዛ እጁ ባልቀበል፣ ታምሰን አትበሉኝ!»

«እስከዚያው የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዢ፣ መሬት እየነካ ነው» አለቻት በጸሎት ቤቱ «እህት ላሩ» የምትባለው አክስቷ።

የጸሎት ቤቱ መረዳጃ ማኅበር ሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ መስፋት ጀምረው ያልጨረሱትን ብርድ ልብስ ይዘው ነው ማዘጋጃ ቤት ወደሚካሄደው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ የሄዱት። አዳራሹ ውስጥ ማጨብጨብ ክልክል ነው፤ መፈክርም ክልክል ነው። መስፋትን ግን የከለከለ የለም። የኋላውን ረድፍ ሞልተው መርፌያቸውን አወጡ።

የመጡት ባዶውን የድሮ ትምህርት ቤት ብርዱ እስኪያልፍ የቤት አልባዎች ማደሪያ ለማስደረግ ነው። ዛሬ ካልተፈቀደ ነገሩ እስከ ፀደይ አለቀለት፤ በረዶው ደግሞ ተራራውን ጨርሶ ደጃፍ ደርሷል። ሮንዳ የምትባል እናት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ መኪናዋ ውስጥ፣ ትንሽ ልጇን አቅፋ ነው የምታድረው። ሾርባ ሲወስዱላት ሁሉንም አስምላቸዋለች፦ «ስሜን እንዳትጠሩ። የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች ከሰሙ ልጄን ይወስዱብኛል።»

ሁለት የምክር ቤት አባላት ደግፈዋል፣ ሁለቱ ተቃውመዋል። የቀረው ሰብሳቢው ኦልሰን ነው፤ ማጅራቱን ያሻል።

ከብት አርቢው ወንድም ዴልሞር ከተሰብሳቢው መሀል ተነሳ። «እዚህ ከተማ ማደሪያ ያጣ ሰው የታለ? አንድ አሳዩኝ! አንድ!»

ታምሰን ተስፈንጥራ ማይክሮፎኑን ያዘች። «የእርስዎ ዓይን ከላም ሌላ መቼ ያያል?»

«ልጄ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ኦልሰን ጠረጴዛውን መታ።

«እኮ ጥሪያ!» አለ ዴልሞር። «ማን ይባላል? የት ነው ያለው?»

ታምሰን ዞር አለች። ሮንዳ ለካ ብርዱ አስገብቷት በሩ ጋ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ልጅቷ ካፖርቷ ውስጥ ናት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሮንዳ ራሷን ነቀነቀች፦ እንዳታደርጊው።

የሮንዳ ስም ታምሰን ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። አንዴ ብትጠራው ዴልሞር ድርግም ይል ነበር። የተናጋሪዎቹ ቢጫ መብራት በራ፤ የተፈቀዱላት ሁለት ደቂቃዎች እያለቁ ነው። ታምሰን ስሙን ዋጠችው፤ ያጠናችው ንግግርም ሁሉ አብሮት ወረደ። የቀራት ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ በየወሩ የጾም እሑድ ጸሎት ቤት ምእመናኑ ፊት ቆማ የምትለው ምስክርነት ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር... እያንዳንዳችንን እንደሚያውቀን አውቃለሁ... ቤተሰቤን እወዳለሁ...» እንባና ንፍጧ ተቀላቀለ። «በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በሙሉ። ዴልሞርም ሳያስበው አለ። ኦልሰንማ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያለው።

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«አሜን እንደ ድምፅ አይቆጠርም» አለ ኦልሰን ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቤቱ ቢከፈት ሌሊቱን ማን ይጠብቃል? እኛ የምንመድበው ሠራተኛ የለንም።»

እህት ላሩ ተነሳች። አጠገቧ ያለችውም ተነሳች፤ ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ፣ ብርድ ልብሱን እንደያዘ።

«እኛ» አለች ላሩ። «ከዛሬ ጀምሮ።»

ኦልሰን አንድ በአንድ አያቸው። ታምሰን ጥፍሯን ነከሰች። በመጨረሻ ኦልሰን ለድጋፍ እጁን አወጣ።

«ሦስት ለሁለት። ይከፈት።»

ታምሰን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ በሩ በረረች። «አየሽ አይደል ሮንዳ? ስምሽን ሳልጠራ! እኔ እንደዚያ ባልናገር እኮ...»

«እያለቀስሽ ያወራሽው አንዱም አልገባኝም» አለች ሮንዳ ልጇን እያወረደች። «ይልቅ ሽንት ቤቱ ወዴት ነው? ሊያመልጣት ነው።»