የባዩ አርባ

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ወሩ ሐምሌ፣ ቀኑ ሃያ አራት፣ እሑድ፣ ዝናቡ ከቅዳሴ በፊት ጀምሮ አላባራም፣ ጉሙ ደጁ ድረስ ወርዷል፣ አስማረም መደቡ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል፣ የበሩ መቀርቀሪያ ከሰኔ ጀምሮ እንደተሰበረ ነው፣ ነገ እሠራዋለሁ ሲል ሐምሌ ገባ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሳንቃው ሲጥ ብሎ ይከፈታል፣ በተከፈተ ቁጥርም ልጁ እዚያው ነው። ደጅ ላይ። ዝናብ ውስጥ። ድንጋይ ተሸክሞ።

ደህና ድንጋይ ነው የመረጠው፣ ይላል አስማረ ለራሱ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ፣ ማጅራት የሚያጎብጥ፣ እንደ ተክሌ አይደለም፣ ተክሌ ያኔ ወንድሙን በዱላ ፈንክቶ ይቅርታ ሲለምን እንቁላል የምታህል ጠጠር ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር የመጣው፣ አገር የሳቀበት፣ ይሄ ግን የምሩን ነው፣ የምሩን መሆኑ ነው የሚያበሳጨው፣ እግዜር የለም ያለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ምን ያደርጋል፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ ከደብረ ታቦር በበቅሎ ተጭኖ የመጣው መጽሐፍ፣ ውስጡ አንዲት የይቅርታ መላ ጠፋ? የኛኑ ድንጋይ ተዋሰ?

ሳንቃው ይከፈታል። ተሻገር። ልጁ፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት መምህር፣ ጫማው ጭቃ ውጦት። ከጎኑ በክዳኑ ጠፈጠፍ ሥር ቦጋለች ተኩራምታለች፣ የባዩ እናት፣ ኩታዋን ጥርሷ ውስጥ ወትፋ። ሳንቃው ይዘጋል።

እቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ፣ የተክለ ሃይማኖት ማኅበርተኛ፣ ተራው ዛሬ የአስማረ ነው፣ ሙሴውም እሱ ነው፣ ተራ የሚያሲዝ፣ የቀረን የሚቀጣ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሶቡ አጠገብ ተቀምጧል፣ አባ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፣ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይባረክም፣ ይህን ከአባቶቻችን ጀምሮ የማያውቅ የለም፣ ሁሉም እሱን ያዩታል፣ እሱ በሩን ያያል።

ሙሴ ሆይ፣ ይላል ተክሌ ከጥግ፣ ጠላው ሊሆመጥጥ ነው፣ ወይ ባሕሩን ክፈልልን ወይ ከነፈርዖን አስጥመን። ሁለት ሰው ይስቃል። አባ አይስቁም። ልጄ አስማረ፣ ልጅህ ደጅህ ቆሞ እኔ እጄን አላነሣም፣ ታውቀዋለህ። አውቀዋለሁ አባ። ታዲያስ? ዝም። ዝም ማለት ያውቅበታል፣ በልጅነቱ ዳዊት ሳይጨርስ ከቄስ ቤት ወጥቶ ሞፈር ሲጨብጥም ዝም ነበር፣ ዝም ላለ ሰው አገር ጥሩ ነገር ያስብለታል።

ይሄ ሙሴነትም በዝምታ የመጣ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ። ውባለም የሞተች ጊዜ፣ ሴት ልጁ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በዚያ የንዳድ ዘመን፣ ሰባት ቀን ሙሉ ግንባሩን መሬት ላይ ፈግፍጎ ለመነ፣ ተክልዬ አባቴ፣ በሬዎቼን ውሰድ፣ እኔን ውሰድ፣ በስምንተኛው ቀን ቀበራት፣ በሦስተኛዋ ጧት ተነሥቶ ሊጸልይ ሲል ውስጡ ማንም አልነበረም፣ ልክ በነቀዝ እንደተበላ የባቄላ ፍሬ፣ ቅርፊቱ ደህና፣ ውስጡ ዱቄት፣ ለማንም አልተናገረም፣ ለየሻረግም፣ ለሚስቱ፣ ዝምታውን ጽድቅ መስሏቸው በዓመቱ ሙሴ አደረጉት። በየወሩ ጽዋውን ያነሣል፣ ስለ ተክለ ሃይማኖት ይላል፣ ይጠጣል፣ ጠላ ነው። ጠላ ብቻ።

ግን ሰዎቹ መጡ። ያኔ፣ በውባለም ጊዜ። ይሄን ነው ተሻገር የማያውቀው፣ ወይም የሚያውቀው። ቃሬዛውን የተሸከመው ሰው ከሱ ጋር ተጣልቶ የነበረ ነው፣ መቃብሩን የቆፈረው ማንም ሳይጠራው ዶማ ይዞ መጣ፣ ሴቶቹ መቼ እንደሚያለቅሱ ያውቃሉ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ያውቃሉ፣ ቄሱ ሲል ይነሣሉ፣ ቄሱ ሲል ይቀመጣሉ፣ ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ እንደ በሬ ጠምደው ነዱት፣ ማሰብ ሳያስፈልገው አንድ ዓመት አረሰ፣ ዞሮ ሲያይ አልሞተም። እግዜር አልነበረበትም። ቀንበሩ ግን ነበረ።

ሳንቃው ይከፈታል። ልጁ ድንጋዩን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውሯል። ኧረ በተክልዬ፣ ትላለች የሻረግ ከእንስራው ዘንድ፣ ልጄን ውጋት ሊገልብኝ ነው፣ ባዩን የጨረሰው ይሄው ዝናብ አይደለም ወይ አንተ ሰው። ሳንቃው ይዘጋል።

ባዩ። የቦጋለች አንድ ልጅ፣ እህል ሲወቃ የሚዘፍን፣ የተሻገር ቀኝ እጅ። ተሻገር ዐሥር ጎበዝ ሰብስቦ ሌላ ማኅበር አቁሞ ነበር፣ የወንድማማቾች ማኅበር ብሎት፣ ያለ ታቦት፣ ያለ ቄስ፣ እሑድ እሑድ ወይራው ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባል፣ ፊደል ያስቆጥራል፣ ጠላ ሳይባረክ ይጠጣሉ፣ አቅም ላጣ ሰው በደቦ ያርሳሉ፣ እውነት ለመናገር ያምር ነበር፣ አስማረ ከማዶ ሆኖ ሲያያቸው ሞፈሩን ሁለት ጊዜ ስቶታል፣ ሳቃቸው እስከ ማሳው ይሰማል፣ ምን ይጎድላቸዋል፣ ይል ነበር፣ ምን ይጎድላቸዋል፣ ይችን የኛን ሁሉ ሊተኳት ነው፣ ያለ አንዳች ውሸት፣ እያወቁ። ያቃጥለው ነበር። እሱ አሥራ አንድ ዓመት ጥርሱን ነክሶ የያዘውን ይሄ ትናንት የወለደው ልጅ ወይራ ሥር ተቀምጦ እንደ ንፍሮ ያድለዋል።

ከዚያ ሰኔ ሚካኤል። በሌላው ቀን ሁሉም የየራሱን ማሳ ስለሚያርስ ለቦጋለች የተረፋቸው የበዓል ቀን ነው፣ ዐሥሩም በሬ ጠምደው ወረዱ፣ በሌላ ቀን አይሆንም ወይ ልጆቼ፣ ስትል ሰምቷታል፣ እሱም ካጥሩ ሆኖ ዛሬ ሚካኤል ነው አለ፣ ይህችኑ ብቻ፣ ተሻገር ቀና ብሎ፣ አባቴ፣ ለቦጋለች ማሳ ሚካኤል አይደርስላትም፣ እኛ እንድረስላት። አስማረ አጥሩን ትቶ ገባ። ምን ይመልስለታል፣ እውነቱን ነዋ። እኩለ ቀን ላይ በረዶ ወረደ፣ ሁሉም ሮጠ፣ ባዩ ብቻ በሬዎቹን ልፍታ ብሎ ቀረ፣ ግባ ሲሉት እንቢ ብሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ማታ ገባ፣ ውጋት ያዘው፣ በሰኔ ዐሥራ አምስት ሞተ። ሚካኤል መታው፣ አለ አገሩ።

ሚካኤል። በረዶው የአባ ወልደ ገብርኤልንም ባቄላ አጭዶታል፣ አባ ምን ሽረው ነው? አስማረ ይህን ያውቃል። እያወቀ ነው በዚያን ጧት ማኅበርተኛው ቃሬዛውን ላውጣ ሲል የተናገረው፣ በዓል የሻረን ሬሳ የተክለ ሃይማኖት ቃሬዛ አይሸከመውም። አንድ ቃል። አባም የሙሴውን ቃል ሰምተው ከቤታቸው አልወጡም፣ ሴቶቹም፣ ማንም። ቦጋለች ከቤት ቤት ስትሮጥ፣ እናንተ ሰዎች፣ ልጄ እንደ ውሻ ሊጣል ነው፣ ስትል፣ በራፉ ላይ ወድቃ አያ አስማረ ስትል፣ እሱ ማረሻ እየሳለ ነበር። እየሳለ ቀጠለ።

እና ሄዶ አየ። ይሄን የሚያውቅ የለም። ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆኖ አየ። ዐሥር የነበሩት ዘጠኝ ሆነው ሬሳውን በመሰላል አምጥተው ማሳው ዳር ቆፈሩ፣ ጥልቅ አድርገው ቆፈሩ፣ ጎበዞች ናቸው፣ አስገቡት፣ አፈር መለሱ፣ ተሻገር ተናገረ፣ ደህና ተናገረ፣ ባዩ ለሰው ብሎ ሞተ፣ ወንድማችን ነበር፣ ከዚያ ቃሉ አለቀበት። ቆሙ። እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ አንዱ ሊያለቅስ ጀመረና ማንም ስላልተከተለው አፍሮ ተወው፣ አንዱ ሳያስበው ሣቅ አመለጠው፣ ዝናብ ያካፋል፣ ቆሙ፣ አሁን መሄድ ነው ወይስ መቆየት፣ ማን ይበል፣ እንግዲህ እንሂድ? አለ አንዱ፣ ደግሞ ቆሙ። ተሻገር መቃብሩን ያያል፣ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከቁጥቋጦው ጀርባ አስማረ ሆዱ ሞቀው። ልጁ ዐሥር ዓመት ተምሮ የመጣበት ነገር አንድ ቀብር አላሻገረውም። ሞቀው። እንደ አረቄ።

ከዚያ ከተሻገር በቀር አንድ በአንድ ተበተኑ፣ ንስሐ አባታቸው እግር ሥር ወደቁ፣ ስግደት ተቀበሉ፣ ወይራው ሥር እሑድ እሑድ ፍየል ይተኛበታል።

ዛሬ አርባው ነው። ተሻገር ጧት ደጁ ላይ ቆሞ ያለው ይሄንኑ ነው፣ ማሩኝ፣ ዛሬ የባዩ አርባ ነው፣ ጠላው አለ፣ ዳቦው አለ፣ አባም አሉ፣ ስሙን ብቻ ይጥሩለት፣ እናቱ እንቅልፍ የላትም። ማሩኝ አለ እንጂ ስለ ማርያም አላለም። አስማረ ሰምቶታል።

ልጄ አስማረ፣ ይላሉ አባ።

ይነሣል። ጋቢውን ይደርባል። ሳንቃውን ራሱ ይከፍታል። ዝናቡ ፊቱን ይመታዋል፣ ልጁ ጎንበስ እንዳለ ነው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ የሕፃን ከንፈር፣ የውባለም ከንፈር በመጨረሻው ቀን እንዲህ፣ ተው። ተው። ሁሉም ከኋላ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። ታምናለህ? ይለዋል።

ዋሸኝ። በልና ዋሸኝ የኔ ልጅ፣ ይላል በልቡ፣ አንዲት ቃል ናት፣ እኔ በየወሩ እላታለሁ፣ አትገድልም፣ ጠላ ጠላ ትላለች እንጂ አትገድልም፣ በል፣ ከዚያ ግባ፣ ከእሳቱ ዘንድ ተቀመጥ፣ እናትህ እግርህን ትጠብህ፣ ሁለታችንም እኩል እንሁን።

አላምንም አባቴ፣ ይላል ተሻገር፣ ልዋሽዎ? ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ያቃናዋል። ቀብረነው ቆመን ነበር እኮ፣ ምን እንደሚደረግ አላወቅንም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ አላወቅንም። እግዜር ለኔ ይቅር፣ ይሄን ያወቃችሁትን ለእናቱ ስጧት።

አይቻችኋለሁ፣ ሊል ነው። ምላሱ ላይ መጥቷል። እኔም እንዳንተ ነኝ ሊል ነው፣ እዚህ ዝናቡ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰው እየሰማ፣ ከዚያስ? ከዚያ ጽዋውን ማን ያነሣል፣ የሚቀጥለውን ሬሳ ማን ይሸከማል፣ ሁለት ቅርፊት አባትና ልጅ ተያይዘው ወይራ ሥር ሊቀመጡ? ይሄ እውነቱን ይዞ ተርቦ ይቆማል፣ እኔ ውሸቴን ይዤ አገር አቆማለሁ፣ እውነቱን ስለያዘ ደግሞ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እንኳ ቀና ብሎ። ይሄ ምሕረት የለውም። ሌላው ሁሉ ይማራል።

አስማረ ወሰነ።

ቦጋለች፣ ግቢ፣ አላት። ተነሣች፣ ኩታዋን አራገፈች፣ ተሻገርን ዞራ ሳታየው ደፉን ተሻግራ ገባች። ከዚያ እጁን ሰደደና ድንጋዩን ከልጁ ማጅራት ላይ አነሣው። ከብዷል፣ ደህና ድንጋይ ነው። ተሻገር እንደ ሕፃን እህህ ብሎ ተነፈሰ፣ አባቴ አለ፣ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል አስማረ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሳንቃውን ገጠመው፣ ድንጋዩን በሩ ሥር አስቀምጦ በእግሩ ገፋ አድርጎ አስጠጋው። ነፋስ መጣ። በሩ አልተከፈተም።

ታረቃችሁ? አሉ አባ።

ታረቅን። ድንጋዩን ተቀብየዋለሁ።

ሁሉም ድንጋዩን አየ። ተክሌ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ዘጋው። አባ ወልደ ገብርኤል ድንጋዩን አዩ፣ ጽዋውን አዩ፣ ረጅም ጊዜ አስማረን አዩ፣ ከዚያ መጽሐፋቸውን ገለጡ። የክርስትና ስሙ ማን ነበር? ገብረ ሚካኤል፣ አለች ቦጋለች፣ አባ ስሙን ጠሩት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሡ፣ አንድ ላይ ተቀመጡ፣ ቦጋለች ማልቀስ ባለባት ቦታ አለቀሰች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ከውጭ በጭቃው ላይ የሚርቅ እግር ተሰማ፣ ሳልም ተሰማ፣ ከዚያ ዝናቡ ብቻ።

የሻረግ እንስራውን አቅፋ በሩን ታያለች። ቅጂ፣ አላት። አልሰማችም። ቅጂ፣ አላት ደግሞ። ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣ ቀዳች። አባ ባረኩ፣ ቂም የለም? አሉ እንደ ወጉ። የለም፣ አለ ሙሴው፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ስለ ተክለ ሃይማኖት አለ፣ ጠጣ። ጠላ ነው። አፉን በጋቢው ጠረገና ለተክሌ አሳለፈለት።