መቀሱ ያልተነከረበት ጠዋት

1.

«ጽጌረዳ መከርከም ለእኔ ጥፍር እንደ መቁረጥ ነው» አለች ምንታምር፣ የላስቲክ ቦቲዋን እየጎተተች። «ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው!»

ማንም አልጠየቃትም።

2. መቼ ይከረከማል?

ጠዋት፣ ጤዛው ከቅጠሉ ላይ ሲደርቅ። ዛሬ የተቆረጠው ከሰባት ሳምንት በኋላ ያብባል፤ የአበባ እርሻው ቀኑን ቆጥሮ ነው መቀስ የሚያነሳው።

የምንታምር ፈተና ደግሞ ዛሬ ነው።

3.

ካለፈች፦ ከርካሚ ትሆናለች፤ አበባው በሚበቅልበት፣ ሙቀት ባለው የላስቲክ ቤት ውስጥ።

ከወደቀች፦ ተመልሳ ማቀዝቀዣ ክፍል። እዚያ አራት ወር አበባ ስታስር ጣቶቿ እየደነዘዙ የጃኬቷን ዚፕ መዝጋት ያቅታት ነበር። የምትዘጋላት ጓደኛዋ ሌንሴ ናት። (ይህን ከእኔ ሰማን እንዳትሉ፤ ምንታምር ትጣላኛለች።)

4. እንዴት ይከረከማል?

ሀ. ቅጠሉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ፣ ወደ ውጭ የዞረችውን ትንሽ ጉብታ ፈልጊ።

ለ. ከጉብታዋ በላይ ትንሽ ተዪና አጋድመሽ ቁረጪ።

ሐ. ወደሚቀጥለው ተክል ከመሄድሽ በፊት መቀሱን መድኃኒት ያለበት ባልዲ ውስጥ ንከሪ። እስከ አሥር ቁጠሪ።

5.

አሥር ብዙ ነው። ስልሳ ተክል ላይ ሲሆንማ!

አጠገቧ ባለው መደብ ሌንሴም ትፈተናለች፤ መቀሷን ነክራ ጮክ ብላ እየቆጠረች ወደ ኋላ ቀርታለች።

«አንቺ! ምን ያሯሩጥሻል?»

«አንቺ ቁጥርሽን አጥኚ፤ እኔ ልለፍ!»

ምንታምር መንከሩን ተወችው።

6.

ስልሳኛውን ቆርጣ ጨረሰች። የወዳደቀውን ቅርንጫፍ ለመልቀም ስትመለስ፣ ሃያ ሦስተኛው ተክል ሥር ነጭ ሽንኩርት የሚያህል እብጠት አየች።

ሥልጠናው ላይ አሳይተዋቸዋል። ይህ በሽታ በመቀስ ይጋባል።

ከሃያ ሦስተኛው በኋላ ደግሞ፣ በዚያው መቀስ፦

7.

ሠላሳ ሰባት።

8.

ዞር ብላ አየች። ሌንሴ አጎንብሳለች።

በቦቲዋ አፈር ገፋ አደረገችበት። እብጠቱ ጠፋ።

(እናንተም ታደርጉት ነበር። አትዩኝ።)

ጯ።

ጯ።

እርጥቡን መንገድ እየረገጡ የሚመጡት ሱፐርቫይዘሯ እትዬ አስካለ ናቸው።

9. የተባለው እንዳለ

እትዬ አስካለ፦ ጨረስሽ?

ምንታምር፦ ከሁሉም ቀድሜ!

እትዬ አስካለ፦ መቀስ ነክረሻል?

ምንታምር፦ (መቀሱን ከጀርባዋ ትደብቃለች።)

እትዬ አስካለ፦ ምነው? ያን ሁሉ አፍ የት አደረግሽው?

ምንታምር፦ አልነከርኩም፣ እትዬ። ሃያ ሦስተኛው ታሟል። አፈር አልብሼው ነው እንጂ ይታይ ነበር። ከሱ ወዲያ ያሉትን በሙሉ እኔ ነኝ ያስያዝኳቸው። ሌንሴ የለችበትም። መደቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልጠየቅ!

(እዚህ ላይ አገጯን ቀና አደረገች።)

10. የፈተና ቅጽ

ስም፦ ምንታምር

ፍጥነት፦ በጣም ጥሩ

አቆራረጥ፦ ደህና

መቀስ መንከር፦ የለም

ውጤት፦



(እስክሪብቶው እዚህ ጋ ቆመ።)

11.

«ምኑን ነው ያጠፋሽው?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይሉ። «መደቡ ድሮም በሽተኛ ነው፤ ነገ ተነቅሎ ይቃጠላል። ለጀማሪ ጤነኛ ተክል የሚሰጥ ሞኝ አለ?»